ብረትና እንጨት የማይስማሙበት ቦታ

ውጅግራ የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» እንደመጣ ብዙ ሰው ያውቃል። አድዋ ላይ ስለተተኮሰውም ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚይዘኝ ግን ከብረቱ ስር ያለው እንጨት ነው። የኢንጂነሪንግ ትምህርት ያስያዘኝ አመል ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ በርሜሉ ይርገበገባል። መርገብገቡ በራሱ ችግር የለውም፤ ችግር የሚሆነው በየጥይቱ ሲለያይ ነው። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ አሁን እዚህ፣ ቀጥሎ ደግሞ በፀጉር ስፋት ፈቀቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ የተኳሹ እጅ የቱንም ያህል ቢረጋ ጥይቱ አንድ ቦታ አያርፍም። እንጨት ደግሞ አርፎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያውም በርዝመቱ እምብዛም ሳይለወጥ በጎኑ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ይህን ጉዳይ ያውቀዋል፦ ሁለቱም ሲስተሞች ለየብቻ ደህና ናቸው፣ የሚሰበረው መገናኛቸው ነው።

የድሮ ጠመንጃ ሠሪዎች መፍትሔ ትዕግሥት ነበር። ብረቱን ጥላሸት ቀብተው እንጨቱ ላይ ይጫኑታል፤ ያነሱታል፤ ጥቁር የነካውን ቦታ ብቻ ይፍቃሉ፤ እንደገና ይጫኑታል። ቀኑን ሙሉ። በጦርነት ጊዜ ግን ማን ጊዜ አለው? አውስትራሊያ ሊትጎው ያለው ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ የአገሩን ለስላሳ እንጨት ሲጠቀም፣ ርግጫው እንጨቱን እየቀጠቀጠ እንዳይጨርሰው ብረቱ በሚያርፍበት ቦታ የመዳብ ሳህን አስገባ። ብልህ ዘዴ ነው፣ ግን ቅርጹን አይሞላም። የሚፈለገው እንደ ሊጥ ገብቶ እንደ ድንጋይ የሚቀር ነገር ነበር።

እሱ የመጣው ከጥርስ ነው፤ የምሬን ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን በ1930ዎቹ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሆን፣ ሲደርቅ የማይኮማተር ነገር ይፈልግ ነበር። ያገኘው ዛሬ ኢፖክሲ የምንለውን ነው። ፈቃዱን የባዝሉ ሲባ ኩባንያ ወሰደና በ1946 እ.ኤ.አ. አራልዳይት በሚል ስም ማጣበቂያ አድርጎ አሳየው። አሜሪካ ውስጥም ሲልቫን ግሪንሊ በቀለም ኩባንያ ውስጥ ሆኖ በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ነበር። ለጥርስ የተፈለገው አለመኮማተር ለጠመንጃም ዋናው ነገር ሆኖ ተገኘ። ርካሹ ፖሊስተር ሲደርቅ ከመጠኑ 7 በመቶ ገደማ ሊያጣ ይችላል፤ ኢፖክሲ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

እንግዲህ የትኛው ኢፖክሲ? ብዙ ሰው «በጣም የሚያጣብቀውን» ይላል። በእኔ እምነት ጥያቄው እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። ከብረቱ ጋር እንዲጣበቅ እኮ አይፈለግም! እንጨቱን ይዞ ብረቱን መልቀቅ አለበት። ለዚህም ብረቱ አስቀድሞ ሰም ይቀባል፤ ሊስትሮዎቻችን የሚያውቁት የጫማ ቀለምም ይሠራል። የብሎን ቀዳዳዎቹም በጭቃ ነገር ይደፈናሉ፤ አለበለዚያ ጠመንጃው ከእንጨቱ ጋር አንድ አካል ሆኖ ይቀራል፣ መፍትሔውም መጋዝ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 12 ሚሊዮንኛ ገደማ ይለጠጣል፤ ምንም ያልተደባለቀበት ኢፖክሲ የዚያን አራት አምስት እጥፍ። የብረት ወይም የአሉሚኒየም ብናኝ፣ ወይም የመስታወት ቃጫ ሲገባበት ልዩነቱ ይጠባል፣ ጥንካሬውም ይጨምራል። ወፍራም መሆኑም ጥቅም አለው፤ ቀጭኑ ከተቀመጠበት ይፈስና የማይፈለግበት ይገባል። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ግን ለተሰበረ ስኒ ይተዉት። ብረቱን አስተካክሎ ለማስቀመጥ ጊዜ አይሰጥም፣ በርሜል ሲግልም ቶሎ ይለሰልሳል። ሌሊቱን ሙሉ የሚደርቀው ይሻላል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የታየው ቬትናም ላይ ነው። የአሜሪካ ማሪን ኮር በ1966 እ.ኤ.አ. ኤም 40 የተባለውን ያነጣጣሪ ጠመንጃ ሲቀበል እንጨቱ ዋልነት ነበር፤ ውብ እንጨት። የጫካው እርጥበት አሳበጠው፤ ያበጠው እንጨት በርሜሉን መግፋት ጀመረ። ሱቅ ውስጥ ውበት የነበረው እዚያ የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆነ፤ አንድ ጥይት ብቻ የመተኮስ ዕድል ያለው ሰው ትናንት ያስተካከለው መነጽር ዛሬ ይዋሸዋል። የምድር ጦሩ ኤም 21 በበኩሉ ዋልነቱን ሳይተው ኢፖክሲ አጠጣው።

ማሪኖቹ በ1970ዎቹ ኤም 40 ኤ 1ን ሲሠሩ እንጨቱን ጨርሰው ጥለው ፋይበርግላስ አስገቡ። የማያብጥ፣ የማይኮማተር አካል ካለ ታዲያ ኢፖክሲው ምን ይሠራል ይባል ይሆናል። ፋይበርግላሱ ግን ከቅርጽ ማውጫው የሚወጣው ለሁሉም በአንድ ልክ ነው፤ ብረቶቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው በጥቂቱ ይለያያሉ። ስለዚህ የማሪኖቹ ጠመንጃ ጠጋኞች እያንዳንዱን ብረት በአዲሱ አካል ውስጥ በእጃቸው ሲያደላድሉ፣ ያደላደሉበት ጀልባ መጠገኛ የነበረው ማሪን ቴክስ የተባለ ኢፖክሲ ነበር።