ሳይቃጠል በቅጠል

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ቤት የሚጠፋው ሠሪ በማጣት ብቻ ሳይሆን ጠባቂ በማጣትም ነው። ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። አባቴ ሰበታ ላይ ያቆመው የጭቃ ቤት ቆርቆሮው በአንዲት የሚስማር ቀዳዳ ማፍሰስ ሲጀምር፣ «ከክረምት በኋላ አስደፍነዋለሁ» እያልሁ ሦስት ክረምት አሳለፍሁ። በአራተኛው ግድግዳው ረጥቦ ወደቀ።

ይህን ጸጸት እንደ ያዝሁ አንድ ቀን አዲስ አበባ ሄጄ ከጎብኚዎች ጋራ የአፍሪካን አዳራሽ ተመለከትሁ። አዳራሹን የነደፈው ኢጣሊያዊው አርክቴክት አርቱሮ መዘዲሚ ሲሆን የተመረቀውም በ1953 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ አዳራሽ ነው። በውስጡ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል፤ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ይህን ሲሠሩ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ይሁን እንጂ ዕድሜ ለታላቅ ሥራም አያዝንም። ስለዚህ አዳራሹ ብዙ ዓመት የወሰደ እድሳት ተደርጎለት ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ።

ብርሃኑ በመስታወቱ አልፎ ቀለም ለብሶ ሲገባ እያየሁ እንዲህ አልሁ፦ «ይህን አዳራሽ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አሳደሰው፤ የአባቴ ቤት ግን ከእኔ በቀር ማንም አልነበረውም።»

እንግዲህ የወረስኸውን ቤት ዛሬውኑ ዙረህ እይ። ቀዳዳ ብታገኝ የክረምቱን ማለፍ አትጠብቅ።