የኪንሻሳው ትንበያ ለምን ከሸፈ?

የከባድ ሚዛን ቦክስ ግጥሚያ በቀረበ ቁጥር አንዲት ስሌት ትመጣለች፦ ሀ ለን ካሸነፈ፣ ለ ደግሞ ሐን ካሸነፈ፣ ሀ ሐን አያቅተውም።

ይህች ስሌት ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. ኪንሻሳ ላይ ተፈተነች። ጆ ፍሬዘርም ኬን ኖርተንም መሐመድ አሊን አሸንፈው ያውቃሉ፤ በመልሱ ቢረታቸውም ሁለቱም እስከ መጨረሻው ዙር አታግለውታል። ጆርጅ ፎርማን ግን ሁለቱንም ገና በሁለተኛው ዙር ጨርሷቸዋል። ዕድሜው 25፣ 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40ውንም ያሸነፈ። አሊ 32 ሞልቶታል። ብዙዎቹ ተንታኞች ለፎርማን ፈረዱ፤ ለአሊ ሕይወት የሰጉም ነበሩ።

ያው መዝገብ ግን ሌላም ነገር ይናገር ነበር። የፎርማን የመጨረሻ 8 ግጥሚያዎች ከሁለተኛው ዙር አላለፉም። አሊ ከፍሬዘርና ከኖርተን ጋር ብቻ በአራት ግጥሚያ 51 ዙር ተፋልሟል። አንዱ መጨረስን ለምዷል፤ ሌላው መቆየትን።

አሊ ገመዱን ተደግፎ ቡጢውን በክንዱ እየመከተ ፎርማንን አደከመው። በስምንተኛው ዙር ዘረረው።

ስለዚህ በቀጣዩ ግጥሚያ ላይ ገንዘቡን የሚያስይዝ ሰው «ማንን አሸነፈ?» ብሎ አይብቃው። «ሲደክመው ምን እንደሚሆን አይተናል ወይ?» ብሎም ይጠይቅ።