የባሕረ ሐሳብ ተማሪና ማስረዳት የተሳነው መምህር

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የሂሳብ ዋና ማደሪያው ባሕረ ሐሳብ፣ ማለት የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ ቀመር ሲሆን፣ ትምህርቱ በአብዛኛው በቃል የሚሰጥ ስለ ነበረ፣ ራሱ ጠንቅቆ እያወቀ ለሌላው መግለጥ የተሳነው መምህር የገጠመው ልጅ መከራው ቀላል አልነበረም። ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፎ፣ ከቀሪው 1 አንሥቶ ወንበሩን ማግኘት፣ ወንበሩንም በ11 አባዝቶ በ30 በመግደፍ አበቅቴን፣ እንዲሁም በ19 አባዝቶ በ30 በመግደፍ መጥቅዕን ማውጣት፣ ምክንያቱ ሳይገለጥለት ለሸመደደ ልጅ ጨለማ ነው።

እንዲህ ላለው ልጅ ቀድሞ የሚደርስለት ከእርሱ የላቀው ደቀ መዝሙር ነበር፤ ጉባኤው ከተፈታ በኋላ በጎጆው ደጅ አስቀምጦ በጣቱ አንጓ እያስቈጠረ ያስቀጽለዋል፤ የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ዘወትር 30 መሆኑን አሳይቶም ስሕተቱን ራሱ የሚመረምርበትን መፈተኛ ይሰጠዋል። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ነበረ። (ወላጅማ፣ ልጁ አገር አቋርጦ ስለሚማር፣ ብዙ ጊዜ ነገሩን አይሰማም።)

ይህም ካልረዳው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላ መምህር ይሻገራል፤ ነውርም አልነበረው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጁ በተመደበበት ክፍል ስለሚጸና ይህ የመዘዋወር ነጻነት ቀርቷል፤ ማስቀጸሉ ግን ዛሬም አልቀረም፤ በወላጅና በታላቅ ወንድም እጅ ሆኗል።