ቀስተ ደመና በጦር ሜዳ

በ1525 (ዘመኑ በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) በጀርመን አገር የተፋፋመው የገበሬዎች ጦርነት መንስኤው መሬት፣ ግብርና ገባርነት ነበር። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1850 ባሳተመው ጥናቱ ሃይማኖቱን የመደብ ትግሉ ልብስ አድርጎ ተመልክቶታል። ይሁንና ልብሱም ሊመረመር ይገባዋል፤ ገዳይም ሟችም የለበሱት አንዱን መጽሐፍ ነበርና።

ገበሬዎቹ በማርች ወር በሜሚንገን ከተማ 12 አንቀጾች ያሉት አቤቱታ አወጡ። ክርስቶስ እረኛውንም መኰንኑንም ያለ ልዩነት በደሙ ስለ ዋጀ፣ ሰው የሰው ንብረት ሊሆን አይገባም የሚለው 3ኛው አንቀጽ ነው። ከአንቀጾቹ መካከል ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር የማይስማማ መኖሩ ከተረጋገጠም እርሱን ለመተው ቃል ገቡ። ዓመፀኛ የተባለ ሕዝብ በእንዲህ ያለ ትሕትና ሲናገር እምብዛም አይሰማም።

ማርቲን ሉተር በኤፕሪል መለሰላቸው። የመኳንንቱን ስግብግብነት አጥብቆ ዘለፈ፤ ገበሬውን ግን የተራራውን ስብከት እየጠቀሰ፣ መከራን መቀበል የክርስቲያን ዕጣ መሆኑን አስተማረው። ስለ 3ኛው አንቀጽም፣ አብርሃምና ሌሎቹ አበው ባሮች እንደ ነበሯቸው አስታወሰ። በሜይ ግን ግንቦች ሲቃጠሉ፣ ባላባቶች ሲገደሉ ባየ ጊዜ ቃሉ ተለወጠ። የሮሜን መልእክት 13ኛ ምዕራፍ መሠረት አድርጎ፣ መሳፍንቱ ዓመፀኛውን ያለ ምሕረት እንዲፈጁ ቀሰቀሰ። የተራራው ስብከት ለገበሬው፣ ሰይፉ ለመስፍኑ ታደለ ማለት ነው።

ቶማስ ሙንትዘርም ካህን ነበረ፤ መጽሐፉም ያው ነው። በጁላይ 1524 በአልሽቴት ግንብ ትንቢተ ዳንኤልን እየተረጎመ ለሳክሶኒ መሳፍንት ሲሰብክ፣ ሰይፋቸውን ለጻድቃን ካልመዘዙ እንደሚነጠቁ አስጠነቀቃቸው። አልሰሙትም። ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ፤ በደብዳቤዎቹም ከስሙ ጋር የጌዴዎንን ሰይፍ ይጠራ ጀመር።

ሜይ 15 ቀን 1525 በፍራንከንሃውዘን አጠገብ የተሰለፉት ገበሬዎች ዓርማቸው ቀስተ ደመና ነበር፤ ይኸውም ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ የተሰጠው የምሕረት ኪዳን ምልክት ነው። የሰላሙን ምልክት ይዘው ለጦርነት ወጡ። በፊታቸው የሉተር ተከታይ የሆነው የሄሰኑ ፊሊፕና የሉተር ቀንደኛ ጠላት የሆነው የሳክሶኒው ጊዮርግ ጎን ለጎን ቆመዋል። በቅዳሴ ያልተስማሙት በገባሩ ጉዳይ ተስማሙ። መድፉ ሲተኮስ ሰልፉ ፈረሰ፤ በሺህ የሚቆጠር ገበሬ አለቀ፤ ከመሳፍንቱ ወገን የሞተው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። ሙንትዘር ተይዞ ከተሠቃየ በኋላ ሜይ 27 ቀን አንገቱ ተቀላ።

ቬርነር ቲዩብከ የተባለው ሠዓሊ በ1976 ከምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ውጊያው በተካሄደበት ኮረብታ ላይ ቁመቱ 14፣ ርዝመቱ 123 ሜትር የሆነ ሥዕል ሠራ። ሥዕሉ ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ነው። ሠዓሊው ሙንትዘርን ድል አድራጊ አላደረገውም፤ ከቀስተ ደመናው በታች፣ በሚተላለቀው ሕዝብ መካከል፣ ሰንደቁን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ እንደ ያዘ አቆመው።