አጎዛ፣ ላንድ ሮቨርና የሚሞቅ ወንበር

የወንበር ማሞቂያ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው የሚሉኝን አልቀበልም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በስተሰሜኗ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ጮቄ አለ። በኅዳር ሌሊት ውጭ ያደረ መኪና ውስጥ ንጋት ላይ የተቀመጠ ሰው ብርዱ ከወገቡ ጀምሮ ሲወጣበት ያውቀዋል። ሾፌሮቻችን ፋብሪካ እስኪያስብላቸው አልጠበቁም፤ ወንበሩ ላይ አጎዛ አነጠፉ፣ ጋቢያቸውን ደርበው መሪ ጨበጡ።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሙያውን የተማርሁት በእጅ ነው። የዚህ ሙያ ታሪክ በእኛ አካባቢ ከመንገዱ ታሪክ አይለይም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎጃም ሲገባ ለጦሩ የመኪና መንገድ ያስፈልገው ነበርና ቁፋሮውን ጀመረ። ትሬንታ ኳትሮ የሚባሉት የፊያት 634 ከባድ መኪኖች የዚያ ዘመን ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ጣሊያን አባይን ተሻግሮ ሸሽቷል፤ መንገዱ ግን ቀረ። ከነጻነት በኋላ በየከተማው ጋራዥ ከፍተው የኖሩ ጣሊያኖች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር የሠሩ ረዳቶች ሙያውን ይዘው ወደየአገራቸው ተመለሱ። የእኔም መምህር እጁን ያፍታታው ከእንዲህ ካለ ረዳት ሥር ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን አባይ በረሃን የሚያቋርጠው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አፋፉ ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ ከታች ድልድዩ ዘንድ ሸሚዝ ያስወልቃል፣ ደጀን ሲወጡ ደግሞ እንደገና ጋቢ ያስፈልጋል። መኪናውም እንደ ሾፌሩ ይፈተናል፤ ሽቦና ሶኬት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል፤ በዚህ ላይ ንዝረቱ፣ አቧራው፣ የክረምቱ ጭቃ። ጳጉሜን 2000 ዓ.ም. በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ሲከፈት ማቋረጡ ቀለለ እንጂ ቁልቁለቱና ዳገቱ አልተለወጠም።

በመጀመሪያው ዘመን ባለ እጅ መሆን ክብር አልነበረውም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው እያሙና እየሸሹ ማረሻ ከእሱ ይገዙ ነበር። ያ ክፉ ልማድ እጁ ግሪስ የነካ ሰው ዘንድም ደርሷል፤ ልጁን ጋራዥ አስገብቶ ለዘመድ ለመናገር ያፈረ አባት አውቃለሁ። ይህን የማነሳው የሙያው ዕውቀት ለምን ሳይጻፍ እንደቀረ ስለሚያስረዳ ነው። የናቁትን ሙያ ማን ይጽፈዋል?

ዕውቀቱ ግን ነበረ። ከ1967 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ቮልስዋገኖች ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ ኤን ትሬ የሚባለው የፊያት ከባድ መኪና ደግሞ ባለ 24 ቮልት ነው። በ6 ቮልት ያንኑ ኃይል ለማግኘት በ12 ቮልት ከሚያልፈው እጥፍ አምፒር በሽቦው ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ ትንሽ ዝገት መብራቱን ያደክመዋል። የዚያ ዘመን ሰዎች ሶኬትና የቦዲ ማሰሪያ ሳይፈትሹ ወደ ሌላ የማይሄዱት ለዚህ ነበር።

ለወንበር ማሞቂያ ግን ዋናው አስተማሪ የናፍጣ ላንድ ሮቨር ነው። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ላይ ሞተሩን በብርድ ለማስነሣት የሚያሞቁት አራቱ ፍሬዎች በተርታ የተያያዙ ነበሩ፤ አንዱ ከተበጠሰ አራቱም ይጠፋሉ። መምህሬ የሙከራ አምፖሉን አንድ ጫፍ ቦዲ ላይ አስሮ በሌላው ጫፍ ከባትሪው ወገን ጀምሮ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ይነካ ነበር። አምፖሉ እስኪጠፋ ይሄዳል፤ የጠፋበትና ከዚያ በፊት የበራበት ቦታ መካከል ያለው ፍሬ በሽተኛው ነው። ቴስተርም መጽሐፍም አልነበረውም።

ሳዓብ የሚሞቅ ወንበር ይዞ የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ ካዲላክ ከእሱ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ በ1966 በአማራጭነት አቅርቦት ነበር። ወደ እኛ የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ ከቀዝቃዛ አገር በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ነው። ከፍቼ ሳየው ያው የማውቀው ነገር ነበር፦ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ማብሪያ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ከዚያ በስፖንጁ ላይ የተዘረጋ የሚግል ሽቦ። በብዙዎቹ መኪኖች የመቀመጫውና የመደገፊያው ሽቦ በተርታ ነው፤ መቀመጫው ላይ ተንበርክከው ከኋላ ዕቃ ሲያነሡ ሽቦው ከተበጠሰ መደገፊያውም አብሮ ይበርዳል። ላንድ ሮቨሩን ያየ ሰው ይህ አያስደነግጠውም።

አንዲት መምህርት መኪናቸውን ይዘው መጡና፣ «ጋሼ፣ ወንበሩ ይቀየር ተብያለሁ፤ ዕቃው አዲስ አበባም የለም» አሉኝ። የሌላ ጋራዥ ሰዎች ፈትሸውት ቴስተሩ 12 ቮልት አሳይቷል፤ ኃይል ከደረሰው ጥፋቱ የወንበሩ ነው ብለው ፈርደዋል። ቴስተር ግን ከሽቦው የሚወስደው ኃይል ከምንም አይቆጠርም፤ ማሞቂያው ካልተገናኘ በዛገ ሶኬት በኩልም 12 ያሳያል። ማሞቂያው ተገናኝቶ በርቶ ሳለ ለካሁት፤ 8 ቮልት ተኩል ሆነ። ከወንበሩ ሥር ያለው ሶኬት በክረምት ጫማ በገባ ጭቃ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል።

ስሌቱን ጋራዤ ውስጥ ለሚሠሩት ልጆች በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፍሁላቸው። 60 ዋት የሆነ ማሞቂያ በ12 ቮልት 2.4 ኦም ነው፤ 5 አምፒር ይወስዳል። ሶኬቱ ላይ 1 ኦም ዝገት ከጨመርን አምፒሩ ወደ 3.5 ይወርዳል፣ ወንበሩ የሚያገኘው 30 ዋት ብቻ ይሆናል። 12 ዋት ያህል ደግሞ እዚያው ሶኬቱ ላይ ይቀልጣል፤ ፕላስቲኩ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ሶኬቱን ቀየርነው፣ ወንበሩ ሞቀ። የመምህሬ አምፖል ይህን ያለ ቁጥር ታገኘው ነበር፤ ኃይል ስለምትጠጣ ደካማ መስመር ላይ ትፈዛለችና።

ሆኖም አምፖሏን ዛሬ ወንበር ሥር እንዳታስገቡ። የኤርባግ ሽቦዎች እዚያው ያልፋሉ፤ ሶኬታቸው አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው፤ አምፖልም ሆነ ቴስተር ሊነካቸው አይገባም። ሶኬት ከመንቀል በፊት ባትሪውን ፈትቶ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስንም አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሽቦው ሰው የተቀመጠበት ስፖንጅ ውስጥ ነው ያለው። የተበጠሰ ማሞቂያ በእጅ ጠምዝዞ መቀጠልም እንዲሁ፤ የተጠመዘዘው ቦታ ብቻውን ይግላል። የምንወደው አጎዛም በሚሞቅ ወንበር ላይ መነጠፍ የለበትም፤ ሙቀቱን አፍኖ ሽቦውን ሊያቃጥል ይችላል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ከገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየመንገዱ በዝተዋል፤ የወንበር ማሞቂያ ያላቸውም ብዙ ናቸው። እነዚህ መኪኖች የሞተር ሙቀት ስለሌላቸው የመኪናውን የውስጥ አየር ማሞቅ በሺዎች የሚቆጠር ዋት ሊበላ ይችላል፤ ወንበሩን ማሞቅ ግን በአሥሮች ዋት ያልቃል፣ የተረፈውም ለጉዞ ይውላል። በአብዛኞቹ ወንበሩ የሚሠራው ከትልቁ ባትሪ በቀጥታ ሳይሆን እንደ ድሮው በ12 ቮልት መስመር ነው፤ የትልቁን ባትሪ ብርቱካንማ ሽቦዎች ሳንነካ የምናውቀውን ሥራ እንሠራለን። በከተማችን ያሉ የሙያ ማሠልጠኛዎች መስመርን በጭነት መለካትን ከመጀመሪያው ወር እንዲያስተምሩ እጠይቃለሁ። የድሮዎቹን ሰዎች አሠራር የሚያሳይ ካስፈለጋቸው፣ የላንድ ሮቨር ማሞቂያ ፍሬዎች ጋራዤ ውስጥ አሉ፤ መጥተው ይውሰዱ።