እውነት በየት በኩል ገባች? የሦስት ልብ ወለዶች ታሪክ

«ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ልብ የወለደው ማለት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የተጠራው መጽሐፍ የመጀመሪያ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ቃሉ ከዚያ ወዲህ አብሮን ሲኖር አንድ ጥያቄም አብሮት ኖሯል፦ ልብ የወለደው፣ በእውን ያልተደረገ ነገር ለአንባቢው ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄው በወጣቶች ኅብረቶቻችንም ይነሣል። አንዳንዱ «ያልሆነ ነገር በማንበብ ጊዜዬን ለምን አባክናለሁ?» ይላል። ሌላው ያነባል፤ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው። በፍቅር ታሪክ የጀመረ ከፍቅር ታሪክ አይወጣም። ኮሜዲን እንደ ተራ ቀልድ ይንቃል፤ አስፈሪ ታሪክ ሲያይ ይሸሻል፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ደግሞ የልጆች ጨዋታ ይመስለዋል።

ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በገባበት ቀን ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ። በቀጥታ ክስ አልጀመረም፤ አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድሃ ሰው ተረከ። ንጉሡ በታሪኩ ውስጥ ባለው ሀብታም ላይ በቁጣ ፈረደ፤ የፈረደው ግን በራሱ ላይ ነበር። ልብ ወለድ ይህን መሰል ሥራ ይሠራል። በፊት ለፊት በር ስትመጣ የማትቀበሏትን እውነት በሌላ በኩል ያስገባላችኋል። ዓይነቱ መብዛቱም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሰው እውነትን የሚሸሽበት መንገድ ብዙ ስለሆነ ነው። ይህን የሦስት መጻሕፍትን ታሪክ በመከተል እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የታገደው ሳቅ

በግንቦት 1664 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ለቀናት የዘለቀ ድግስ ደግሶ መኳንንቱን ሰበሰበ። በድግሱ ላይ ሞሊየር የተባለው ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት «ታርቲፍ» የሚል አዲስ ኮሜዲ አቀረበ። ዛሬ በእጃችን ባለው መልኩ ታሪኩ እንዲህ ነው። ኦርጎን የሚባል ሀብታም አባወራ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተንበርክኮ እያቃሰተ የሚጸልይ ሰው ያያል። ስሙ ታርቲፍ ነው። ኦርጎን በሰውየው ቅድስና ተማርኮ ወደ ቤቱ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ቃል አይሰማም። ሚስቱ ታማ እንደ ነበረች ሲነገረው እንኳ የሚጠይቀው ታርቲፍ እንዴት እንደ ሰነበተ ነው። ሴት ልጁን ሊድርለት ይወስናል፤ ንብረቱንም ያወርሰዋል። በመጨረሻ ሚስቱ ኤልሚር ባሏን ከጠረጴዛ ሥር ደብቃ ታርቲፍን ታነጋግረዋለች፤ «ቅዱሱ» ሰው ሚስቱን ሲያባብላት ኦርጎን በገዛ ጆሮው ይሰማል።

ተመልካቹ ሳቀ፤ ኃያላኑ ግን ተቆጡ። ተውኔቱ ለሕዝብ እንዳይታይ ታገደ። አንድ ቄስ ደራሲው በእሳት መቃጠል ይገባዋል ብሎ ጻፈ። ሞሊየር ተውኔቱን አለሳልሶ፣ ርእሱን ለውጦ በ1667 ሲያቀርበው ከአንድ ቀን በላይ አልዘለቀም። የፓሪስ ሊቀ ጳጳስም ተውኔቱን የሚያሳይ ብቻ ሳይሆን የሚያነብና የሚሰማ ሁሉ እንደሚወገዝ አወጀ። ሙሉ ፈቃድ የተገኘው በየካቲት 1669 ነው። ለአንድ ኮሜዲ አምስት ዓመት ያህል ትግል!

ለምን ይህን ያህል ተፈራ? ተግሣጽ የማይነካውን ሰው ሳቅ ስለሚነካው ነው። ግብዝን በስብከት ብትወቅሱት አንገቱን ደፍቶ ይሰማችኋል፤ እንዲያውም ትሕትናው ይደነቅለታል። ሲሳቅበት ግን የሚደበቅበት ያጣል። ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ሞሊየር በመድረኩ ላይ የተጫወተው ታርቲፍን ሳይሆን የተታለለውን ኦርጎንን ነው። ኮሜዲው የሚጠይቀው አታላዩን ብቻ አይደለም፤ ሰው ውጫዊ ምልክት አይቶ ማስተዋሉን እንዴት ለሌላ አሳልፎ እንደሚሰጥም ይጠይቃል። በቤተ ክርስቲያን ላደገ ወጣት ከዚህ የቀረበ ጥያቄ የለም።

ታሪኩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የሞሊየር ዘመነኛ የነበረው ላ ፎንቴን የእንስሳትን ተረት በግጥም ይጽፍ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በሩሲያ ተምረው የተመለሱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያንን ተረት መነሻ አድርገው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል የቀረበው ይህ ሥራ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ይባላል። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ በተመልካቹ መካከል የነበሩ ሹማምንት ግን የሚናገሩት ስለ ማን እንደ ሆነ ገባቸው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ፊት አውሬን ማናገር ደራሲውን አላዳነውም፤ ወርቁን ለማግኘት ማንም አልተቸገረምና። «ታርቲፍ»ም ኋላ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ተመልሶ ወደ እኛ መጥቷል።

ፀሐይ በጠፋችበት ዓመት የተጻፈው

በሚያዝያ 1815 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከእርሱ የወጣው አመድና ጋዝ የፀሐይን ብርሃን ስለ ጋረደ የሚቀጥለው 1816 በአውሮፓ «በጋ የሌለበት ዓመት» ተባለ። ሰብል ተበላሸ፤ እህል ተወደደ፤ ብዙ ሰው ተራበ። በዚያ ሰኔ በስዊዘርላንድ በጄኔቭ ሐይቅ ዳር አምስት ወጣት እንግሊዛውያን ዝናብ ቤት ውስጥ ዘግቶባቸው ነበር። ከመካከላቸው 30 ዓመት የሞላው አልነበረም። የመናፍስት ታሪኮችን ሲያነቡ ቆይተው ባለቅኔው ሎርድ ባይረን «እያንዳንዳችን አንድ አስፈሪ ታሪክ እንጻፍ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ጨዋታ ሁለት ነገሮች ተወለዱ። ሐኪሙ ፖሊዶሪ ደም መጣጭ መኳንንትን ወደ እንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያስገባውን «ዘ ቫምፓየር»ን ጻፈ፤ የ18 ዓመቷ ሜሪ ደግሞ «ፍራንከንስታይን»ን ጀመረች።

ሜሪ ጨለማን በወሬ አልነበረም የምታውቀው። እናቷ የሞተችው እርሷን በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በ1815 ሜሪ ራሷ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ሴት ልጇን ቀበረች። ሕፃኗን እሳት ዳር ሲያሿት ነፍስ ስትዘራ በሕልሟ እንዳየች በዕለት ማስታወሻዋ ላይ ጽፋለች። በዚያ ዘመን ሳይንቲስቶች በኤሌክትሪክ የሞተ እንቁራሪት እግር ያንቀሳቅሱ ነበር። በ1803 ለንደን ውስጥ በስቅላት በተቀጣ ሰው አስከሬን ላይ ይኸው ሙከራ ሲደረግ መንጋጋው እንደ ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ዓይኑም እንደ ተከፈተ ተዘግቧል። ስለዚህ «ሙት ሊነሣ ይችል ይሆን?» የሚለው ለሜሪ ተረት ብቻ አልነበረም፤ የሐዘኗም የዘመኗም ጥያቄ ነበር።

ብዙ ሰው ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም ይመስለዋል። አይደለም። ፍራንከንስታይን ፍጡሩን የሠራው ወጣት ተማሪ ነው፤ ፍጡሩ ስም እንኳ አልተሰጠውም። የታሪኩ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ለብዙ ጊዜ ደክሞ የሠራው ፍጡር ዓይኑን በገለጠበት ሌሊት መልኩ አስጠልቶት ጥሎት ሸሸ። የተጣለው ፍጡር በአንድ ጎጆ አጠገብ ተደብቆ የቤተሰቡን ንግግር በማዳመጥ ቋንቋ ተማረ፤ ወድቀው ያገኛቸውን ሦስት መጻሕፍት አነበበ፤ በመጨረሻም ደፍሮ ወደ ቤቱ ገባ። በደግነት ያናገረው ማየት የተሳነው ሽማግሌ ብቻ ነበር። ዓይን ያላቸው መልኩን አይተው አባረሩት። ፍጡሩ ክፉ የሆነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

መጽሐፉ በጥር 1818 ያለ ደራሲ ስም በ500 ቅጂ ታተመ። ብዙዎች የጻፈው ባለቤቷ ባለቅኔው ፐርሲ ሼሊ መሰላቸው፤ ይህን የመሰለ ነገር ከአንዲት ወጣት ሴት ይወጣል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነበር።

አንዳንድ አስፈሪ ታሪክ የሚፈልገው ማስደንገጥ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ብታልፉት የሚቀርባችሁ ነገር የለም። ሜሪ የጻፈችው ግን ሌላ ነው። «ጭራቅ ማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ጣታችንን ወደ ውጭ እንቀስራለን፤ እርሷ ጣቱን ቀስ አድርጋ ወደ ሠሪው ታዞረዋለች። የወለደውን የሚጥል፣ የጀመረውን ኃላፊነት ትቶ የሚሸሽ፣ መልክ አይቶ በር የሚዘጋ ሰው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ራሱን ያገኛል። ይህን በብርሃን፣ በሚያስደስት ታሪክ ውስጥ ማሳየት ከባድ ነበር።

ከማርስ የመጡት ቅኝ ገዢዎች

ሦስተኛው ደራሲ ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ነው። በ1866 ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ፤ እናቱ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ልጅ ሳለ እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ በዋለበት ጊዜ የንባብ ፍቅር ያዘው። በጨርቃ ጨርቅ መደብር ሠልጣኝ ሆኖ ሠራ፤ ጠላው። ከዚያ በነጻ ትምህርት ዕድል ለንደን ገብቶ ሥነ ሕይወት ተማረ። የሳይንስ ልብ ወለድ መሥራቾች ሲጠሩ ከፊት ከሚሰለፉት አንዱ ይህ የመደብር ልጅ ነው።

ዌልስ አንድ ቀን ከወንድሙ ጋር በእንግሊዝ ገጠር ሲራመድ ስለ ታዝማኒያ ደሴት ነባር ሕዝቦች ይነጋገሩ ነበር። እንግሊዞች ደሴቲቱን መያዝ የጀመሩት በ1803 ነው፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ያ ሕዝብ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ወንድሙም «አሁን ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ከሰማይ ወርደው በእኛ ላይ እንዲሁ ቢያደርጉስ?» የሚል ሐሳብ አነሣ። «የዓለማት ጦርነት» የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። በ1897 በመጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በ1898 መጽሐፍ ሆነ።

ዓመቱን አስተውሉ። የዐድዋ ድል በ1896 ነው። አውሮፓ አፍሪካን በካርታ ላይ ስትከፋፈል የነበረችበት፣ የሠለጠነ መሣሪያ ያለው ሌላውን የመግዛት መብት አለው የሚባልበት ዘመን ነበር። ዌልስ ለወገኖቹ በኃያላኑ አገር ተቀምጦ ይህን በድርሰት ይመልስላቸዋል። ከማርስ የመጡት ፍጡራን የሚያቃጥል ጨረርና የሚገድል ጥቁር ጢስ ይዘዋል፤ ለእነርሱ የለንደን ሰው እንስሳ ነው። ዌልስ በሚኖርበት በዎኪንግ አካባቢ በብስክሌት እየዞረ የሚያፈርሳቸውን ቦታዎች ይመርጥ ነበር፤ አንባቢው የገዛ ጎዳናው ሲቃጠል እንዲያይ ፈልጓልና። ወራሪዎቹን በመጨረሻ ያሸነፋቸው መድፍ አይደለም፤ በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው።

ስለ ቅኝ ግዛት ግፍ የሚናገር ጽሑፍ በዚያ ዘመን አልጠፋም ነበር። አንባቢው ግን «ይህ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን ይገልጣል። የማርስ ሰዎች በመንደሩ ሲወርዱ ግን ቦታው ተለወጠ፤ ራሱን በተወራሪው ጫማ ውስጥ አገኘው። የሳይንስ ልብ ወለድ ትልቁ ኃይል ማሽኑ አይደለም፤ አንባቢውን ከለመደው ወንበር አንሥቶ በሌላው ወንበር ማስቀመጡ ነው።

መጽሐፉ ከታተመ 40 ዓመት ሳይሞላ ጢሱ ልብ ወለድ መሆኑ ቀረ። ከታኅሣሥ 1935 ጀምሮ የፋሺስት ጣልያን አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ወታደሮችና ገበሬዎች ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ዌልስ ይህን ተንብዮ አልጻፈም፤ የኃያልን ልብ ግን አውቆ ጽፏል። በዚያው ዓመት በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያን ጉዳይ ሲከራከሩ ከነበሩት አንዱ ደግሞ የ«ፋቡላ» ደራሲ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። በወጣትነታቸው በአውሬ አፍ የተናገሩት ሰው፣ በዚያ አዳራሽ እውነቱን በግልጥ ተናገሩ፤ የሰማቸው ግን ጥቂት ነበር። እውነት በግልጥ መነገሯ ብቻ ሁልጊዜ ለመሰማት አይበቃም።

እንግዲህ ምን እናንብብ?

ከሦስቱ ታሪኮች አንድ ነገር እናገኛለን። ኮሜዲ ራሱን ከፍ ያደረገውን ያወርዳል፤ ሰው በኩራት ሲዘጋ በዚያ በኩል ይገባል። ጨለማ ታሪክ ልናየው የምንፈራውን ያሳያል፤ ሰው በፍርሃት ሲዘጋ በዚያ በኩል ይገባል። የሳይንስ ልብ ወለድ ሩቁን ያቀርባል፤ ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ሲዘጋ በዚያ በኩል ይገባል። አንድ ዓይነት ብቻ የሚያነብ ሰው፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚመከር ሰው ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የንባብ ስብሰባችሁ ይህን ሞክሩ። እያንዳንዳችሁ እስከ ዛሬ ያልነካችሁትን ዓይነት አንድ መጽሐፍ ምረጡ። የምትስቁበት ከሆነ «የሳቅሁት በማን ነው? እኔስ በዚያ ውስጥ አለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያስፈራ ከሆነ «ደራሲው ክፋትን የሚያሳየኝ እንዳውቀው ነው ወይስ እንድጫወትበት?» በሉ። ስለ ሌላ ዓለም ከሆነ ደግሞ «በእኛ ሰፈር እንዲህ የሚደረግበት ማን ነው?» በሉ። መልሱን ጽፋችሁ አምጡና ለጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው። አንዳንዱ መልስ ዝም ያሰኛችሁ ይሆናል፤ ዳዊትም ናታን ተርኮ ሲጨርስ መጀመሪያ የተቆጣው በሌላ ሰው ላይ ነበር።