የማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት

የማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት የአሜሪካ ርዕሰ ከተማ የዋሽንግተን ዲሲ ማዕከላዊ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሕንፃው በ1972 የተከፈተ ሲሆን ከ2017 እስከ 2020 በ211 ሚሊዮን ዶላር ታድሷል። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

ማዕከላዊው ቤተ መጻሕፍት ቀድሞ የነበረው በባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ ገንዘብ ተሠርቶ በ1903 በተከፈተ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ያ ቦታ ስለጠበበ የአዲሱን ሕንፃ ንድፍ ጀርመን ተወላጁ አርክቴክት ሉድቪግ ሚስ ቫን ደር ሮህ ሠራ። ሚስ በ1969 ስላረፈ የሕንፃውን መጠናቀቅ አላየም። ጥቁር ብረትና ነሐስማ መስታወት የለበሰው ይህ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በዋሽንግተን የሚገኝ የአርክቴክቱ ብቸኛ ሥራ ነው። ስያሜው በ1968 ለተገደለው የሲቪል መብት ታጋይ ለማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ተሰጠ።

የማፍረስና የማደስ ጥያቄ

ሕንፃው ለረጅም ጊዜ በቂ ጥገና ስላልተደረገለት አሳንሰሮቹ ይበላሹ፣ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣውም ይስተጓጎሉ ነበር። የውስጡ ክፍሎችም ጨለማና ለአንባቢ የማይመቹ ተብለው ይነቀፉ ነበር። በ2000ዎቹ የከተማው አስተዳደር ቤተ መጻሕፍቱን ወደ ሌላ አዲስ ሕንፃ ለማዛወር አቅዶ ነበር፤ ዕቅዱ ግን አልተፈጸመም። በ2007 ሕንፃው በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚህ በኋላ የውጭ ገጽታውንና የመግቢያ አዳራሹን እንደልብ መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ቅርሱን ሳይነኩ ቤተ መጻሕፍቱን ለዘመኑ አንባቢ ማብቃት ሆነ።

እድሳቱ

በ2014 ሥራው ለኔዘርላንዱ የአርክቴክቸር ድርጅት ለመካኑና ለአንድ የዋሽንግተን ድርጅት ተሰጠ። ቤተ መጻሕፍቱ በመጋቢት 2017 ተዘጋ። የሕንፃው የውጭ ገጽታ እንደነበረ ሲቆይ ለውጡ በአብዛኛው በውስጡ ተካሄደ። በግንብ ተከልለው የነበሩት ደረጃዎች ተከፍተው ብርሃን በሚያገኙና ጠመዝማዛ ቅርጽ ባላቸው ሁለት ሰፋፊ ደረጃዎች ተተኩ። የሚስ ንድፍ ተጨማሪ ፎቅ እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ ስለነበር በጣሪያው ላይ አምስተኛ ፎቅና የአትክልት ስፍራ ተጨመረ። 291 መቀመጫዎች ያሉት አዳራሽ፣ የሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮዎች፣ የእጅ ሥራ ክፍልና ሸርተቴ ያለው የልጆች ክፍልም ተካተዋል። የኪንግን ሕይወት የሚያሳየው የዶን ሚለር ትልቅ ሥዕልም በዋናው አዳራሽ ይገኛል።

ዳግም መከፈትና አገልግሎት

ቤተ መጻሕፍቱ መስከረም 24 ቀን 2020 በድጋሚ ተከፈተ። ወቅቱ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ስለነበር አገልግሎቱ በመጀመሪያ የተገደበ ነበር።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ በአሜሪካ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በ2004 በወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።